በየዓመቱ የሚያድገው ውሻ

የእናቴ አጎት፣ እኛ ልጆች ‹አባባ› የምንላቸው፣ የመንዝ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከቤት ኮብልለው ቆሎ ተማሪ ሆነዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ በውርጭ ማለዳ ከደጅ ደጅ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያሉ ቁራሽ የለመኑበትን ዘመን ፋሲካ በመጣ ቁጥር ያወጉናል። ከወጉ መሃል የውሻው አይቀርም። እዚያው መንዝ፣ ላሎ ውስጥ አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ ውሻ ባታቸውን ነከሳቸው፤ ጠባሳው አሁንም አለ። እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ውሻው ተራ የበግ ጠባቂ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ጥጃ አከለ። ዘንድሮ የጅብ ያህል ሆኗል። በዚህ ከቀጠለ ለልጅ ልጆቻቸው አንበሳ ሆኖ ይደርሳል ብለን እንስቃለን።

የማይለወጠው የዚያ ግቢ ሴትዮ ነገር ነው። ከቤት ወጥታ ውሻውን በድንጋይ አባረረች። ልጁን ምድጃ ዳር አስቀመጠችው። ቁስሉን ለብ ባለ ውኃ አጠበችለት፤ ትኩስ የገብስ ቂጣ ቆርሳ ሰጠችው፤ ሦስት ሌሊትም አሳደረችው። ውሻው በየዓመቱ ሲያድግ ሦስቱ ሌሊት አራት ሆኖ አያውቅም።

በመከራ ያደጉ ሰዎች የጻፉትን ግለ ታሪክ በከፈትሁ ቁጥር እነዚህ ሁለቱ፣ ውሻውና ሴትዮዋ፣ ይመጡብኛል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በዓለም ላይ ብዙ አንባቢ አላቸው። የአየርላንዱ ፍራንክ ማኮርት የረኃብና የዝናብ ልጅነቱን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1997 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። የእኛው ነጋ መዝለቂያም የጅጅጋ ልጅነቱን ካናዳ ሆኖ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሪቱን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወስዷል። ሰው የሌላውን መከራ ገንዘብ ከፍሎ የሚያነብበው ለምንድን ነው? የሚያነብበውስ ምን ያህል እውነት ነው?

ከውሻው እንጀምር። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባርትሌት አንድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ለአገሩ ሰዎች አስነብቦ፣ ከቀናት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ እንዲደግሙት ይጠይቃቸው ነበር። ተረቱ በተደገመ ቁጥር አጠረ፤ ለእንግሊዛዊ ጆሮ እንግዳ የሆነው ሁሉ ረገፈ፤ ታንኳው ሳይቀር ተራ ጀልባ ሆነ። ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ የደረሰበት መደምደሚያ ዛሬም አልተሻረም። ማስታወስ ማለት እንደገና መሥራት ነው። አእምሮ የቀረውን ቁራጭ ይይዝና የጎደለውን አሁን በሚያውቀውና በሚያምንበት ይሞላዋል። ኤልዛቤት ሎፍተስ የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት ለ24 ሰዎች በልጅነታቸው ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተው እንደነበር ነገረቻቸው። ከእውነተኛ የቤተሰብ ታሪኮች ጋር ቀላቅላ ያቀረበችው ፈጠራ ነበር። ከአራቱ አንዱ ያህሉ በሙሉም ሆነ በከፊል ‹አዎ፣ ትዝ ይለኛል› አሉ።

በዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ከሦስት ዓመቱ በፊት የሆነውን አያስታውስም። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ ጡት የጣለበትን ቀን ዝርዝር ሲያወራን ከእናቱ የሰማውን እያወራን ነው። ይህ ግን ግለ ታሪኩን ሐሰት አያደርገውም። አባባ ተነክሰዋል፤ ባታቸው ይመሰክራል። ያደገው የውሻው ቁመት እንጂ ፍርሃቱ አይደለም። ፍርሃቱ ያን ማለዳም የጅብ ያህል ነበር። ጎበዝ አንባቢ ግለ ታሪክን እንደ ፖሊስ ቃል መቀበያ አያነብም፤ ጸሐፊው ያን ነገር ዛሬ ምን ብሎ እንደተረዳው ይፈልጋል።

በአገራችን የቆዩ ግለ ታሪኮች ውስጥ ግን ሌላ ችግር አለ። ልጅነት ቶሎ ያልቃል። ከሰሜን ሸዋ ደጋ የወጡትን ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ውሰዱ። በ1876 ዓ.ም. ሰያ ደብር ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ከቀያቸው ወጥተው ሐረር ራስ መኮንን ቤት ገቡ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ዐድዋ ዘመቱ፤ ከዚያም ሩሲያ ተወስደው በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ አደጉ። ዛሬ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን ዝርዝር ቢያይ ከወላጅ መለየት፣ ጦርነት፣ ስደት እያለ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል። ያ ልጅ አድጎ ‹ፋቡላ›ን፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት፣ ጻፈ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቀ፤ ኢጣሊያ በመጣች ጊዜ ጄኔቭ ላይ ስለ አገሩ ተሟገተ። ግለ ታሪካቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የብዙ ሰዎችን ሕይወት መዝግበው በ1915 ዓ.ም. አሳትመዋል። የዚያ ትውልድ ብዕር ለሹመት፣ ለዘመቻና ለአገር ጉዳይ ሰፊ ነው፤ ሌሊት ስላለቀሰ ልጅ ሲሆን ግን ይቆጥባል።

የዚህ ቁጥብነት ምንጭ አስተዳደግ ይመስለኛል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ መንዝ ውስጥ ኖሮ ባየው ላይ ተመሥርቶ ‹ሰምና ወርቅ› የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ አሳትሟል። የመንዝ ልጅ አስቀድሞ የሚማረው መታዘዝንና ታላላቆቹን ማክበርን እንደሆነ ይተርካል። ሌቪን አንዳንድ ቦታ ከሚገባው በላይ ይደመድማል ብለው የሚተቹት አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። በዚህ ግን አልሳተም እላለሁ። አባቱ ፊት ቀና ብሎ ያላወራ ልጅ ሲሸመግል ስለ አባቱ ጅራፍ አንድ ምዕራፍ አይጽፍም።

ዝም የተባለውን ደግሞ ሰውነት አይረሳውም። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ማድረግ የጀመሩት ጥናት ከ17,000 የሚበልጡ የካሊፎርኒያ ጎልማሶችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቋል። ተደብድበሃል? ቤት ውስጥ ሰካራም ነበር? እናትህ ስትመታ አይተሃል? ከእነዚህ ዓይነቶች አራትና ከዚያ በላይ ያሳለፉት ሰዎች በጎልማሳነታቸው ለድባቴ፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለልብና ለሳንባ በሽታ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። መንገዱ በከፊል ይታወቃል። አደጋ ሲመጣ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፤ እንቅልፍ ይሸሻል። ጅብ በረቱን ሲዞር እረኛው ነቅቶ ማደሩ መልካም ነው። ጅቡ የቤቱ አባወራ ከሆነና ልጁ ዓመቱን ሙሉ ነቅቶ ካደረ ግን ያ መጠበቂያ ራሱን ሰውነትን መብላት ይጀምራል። ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው። ቁጥሩ የአንድን ሰው ዕጣ እንደማይናገር አንዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከባልደረቦቹ ጋር ጽፎ አስጠንቅቋል።

ለእኛ አገር ቅርብ የሆነው ማስረጃ ከረኃብ የመጣ ነው። ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የገጠር ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተለ የኢትዮጵያ ዳሰሳ ወስደው መረመሩ፤ ዳሰሳው በሰሜን ሸዋ ዲንኪንና የደብረ ብርሃን አካባቢ መንደሮችን ይጨምራል። በ1977ቱ ድርቅ ጣሪያ ላይ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች የነበሩ ልጆች አድገው ሲለኩ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያጠሩ ሆነው ተገኙ። አንደኛ ደረጃ ትምህርትን የመጨረስ ዕድላቸውም አንሶ ነበር። ይህ ግለ ታሪክ ያልተጻፈለት መከራ ነው። በግድግዳ ላይ በሜትር ይነበባል።

እንግዲህ ሴትዮዋ ጋ ደረስን። ኤሚ ወርነርና ሩት ስሚዝ በሃዋይዋ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱትን 698 ሕፃናት ከልደት እስከ ጎልማሳነት ተከተሏቸው። ከመካከላቸው ሲሶው ያህል በድህነት፣ በጠብ፣ በሕመም ውስጥ ያደጉ ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ሲሶው ደህና ሠራተኛ፣ ደህና ወላጅ፣ ደህና ጎረቤት ሆኖ አደገ። ምን ለያቸው? ጠባይና ብልህነት የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ደጋግሞ የታየው ግን ልጁን ሳይሰለች የሚቀበል ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ነው፤ አያት፣ አክስት፣ መምህር፣ ጎረቤት። ወላጅ መሆኑ ግድ አይደለም። አን ማስተን የተባለች ተመራማሪ በዚህ መስክ ዓመታት ከሠራች በኋላ ነገሩን ‹ተራ አስማት› ብላዋለች። ችግርን የሚያሻግረው ጥቂቶች ብቻ የታደሉት ልዩ ብረት ሳይሆን በየቤቱ ያለ ነገር ነው ማለቷ ነው። የእኛ ሰው ‹ሰው ለሰው መድኃኒቱ› የሚለውን እሷ በሠንጠረዥ አገኘችው።

ተክለ ሐዋርያትን በዚህ ዓይን ደግማችሁ ተመልከቱ። ሐረር ላይ ራስ መኮንን አሉ፤ ሩሲያ ውስጥም እንደ ልጅ የተቀበላቸው ቤተሰብ አለ። ልጁ አስተዋይ ነበር፤ ደጅ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ግን አስተዋይነቱን ማን ያውቅለት ነበር?

እዚህ ላይ የመከራ ግለ ታሪክን ትልቁን ወጥመድ ማንሳት ግድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በጥይት ተበሳስተው ሲመለሱ የት ላይ ብረት ይጨመር የሚል ጥያቄ ተነሣ። የሒሳብ ሊቁ አብርሃም ዋልድ ያየው ሌላው ያላየውን ነው። ቀዳዳ የታየበት ቦታ ተመትተውም መመለስ የሚቻልበት ነው። ብረቱ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ባልታየበት ቦታ ነው፤ እዚያ የተመቱት ወድቀው ቀርተዋልና። የግለ ታሪክ መደርደሪያም እንዲሁ የተመለሱት አውሮፕላኖች ማረፊያ ነው። ወድቆ የቀረው መጽሐፍ አይጽፍም። ስለዚህ አሥር እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ያነበበ ሰው ‹መከራ ሰው ያደርጋል› ብሎ ሊነሣ ይችላል፤ አልፎም ‹እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው› እያለ በልጁ ላይ አርጩሜ ያነሣል። ያደገው ተገርፎ ነው ወይስ ቢገረፍም? መጽሐፉ ብቻውን ይህን አይመልስም።

ማንበቡ ራሱ ይጠቅማል? እዚህ ላይ ሳይንሱ ከአሳታሚዎቹ ማስታወቂያ ይልቅ ቁጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ‹ሳይንስ› መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጥሩ ልብ ወለድ ለጥቂት ደቂቃ ማንበብ የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታን ይጨምራል ብሎ ብዙ ተወራለት። ሌሎች ሲደግሙት ግን ውጤቱ በአብዛኛው አልተገኘም። መጻፍ ትንሽ ይሻላል። ጄምስ ፔንቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ተማሪዎችን ስለ ከባድ ገጠመኛቸው በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ቀን አጻፋቸው፤ በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ የመሄዳቸው ነገር ቀነሰ። በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ሲደመሩ ጥቅሙ አለ፤ መጠኑ ግን አነስተኛ ነው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ከባለሙያ ጋር ሕይወትን ከልደት እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል መተረክ ነው። የጀርመኑ ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያዳበሩት ሕክምና በገመድ ይጀምራል። ገመዱ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ የሕይወት ዘመን ነው። ክፉ ቀን በደረሰበት ቦታ ድንጋይ፣ ደግ ቀን በነበረበት አበባ ይቀመጣል። ከዚያ ሰውየው እያንዳንዱን ድንጋይ መቼ፣ የት፣ ምን እንደነበረ እያለ ይተርካል፤ የተበታተነው ትዝታ ቀንና ቦታ ያገኛል። ኡጋንዳ ውስጥ በነበሩ 43 ሱዳናውያን ስደተኞች ላይ ሲሞከር ከዓመት በኋላ ከክፉ ገጠመኝ የሚመጣውን የሰቀቀን ሕመም መስፈርት አሁንም የሚያሟሉት ከተራኪዎቹ 29 በመቶ ሲሆኑ፣ ለንጽጽር በቀረቡት ሁለት ቡድኖች 80 በመቶ ገደማ ነበሩ። ቁስሉ የሚያስጨንቀው ሰው ይህን ቤቱ ለብቻው እንዳይሞክረው፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በየአካባቢው ያሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ለዚህ አሉ። ለአንባቢ ግን ገመዱ ጥሩ መሣሪያ ነው። እኔ ግለ ታሪክ ሳነብ በኅዳጉ ላይ ድንጋይና አበባ በእርሳስ መሣል ጀምሬአለሁ። ድንጋዮቹ በምዕራፍ ርእስ ያጌጡ ናቸው። አበቦቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ናቸው፤ ስምም የላቸውም።

ባለፈው ፋሲካ አባባን ያልጠየቅኋቸውን ጠየቅሁ። ከመንደር አብራችሁ የኮበለላችሁት ስንት ነበራችሁ? ‹አራት› አሉ። ለድቁና የደረሱትስ? ሁለት ጣት አሳዩኝ። አንዱ በተስቦ ሞቷል፤ የሌላውን መጨረሻ እሳቸውም አያውቁም። ሴትዮዋስ ማን ትባል ነበር? ትንሽ ዝም አሉና ‹ይርገዱ› አሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቋቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ጠይቆ መስማት መጽሐፍም ይሆናል። የአለቃ ለማ ኃይሉን ‹መጽሐፈ ትዝታ› ያገኘነው ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ከአባቱ አንደበት ሰምቶ ስላዘጋጀው ነው። ቤታችሁ እንዲህ የሚያወጉ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካሉ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጿቸው። ስለ ውሻው ሳትጠይቋቸውም ይነግሯችኋል፤ በሩን ማን እንደከፈተላቸው ጠይቋቸው።