ቅመሙ ይቅደም፣ ቅጠሉ ይከተል

የታኅሣሥና የጥር ብርድ በሁሉም ዘንድ እኩል አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሲያድር፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፈው ጀውሃ ሲደርሱ ካፖርትዎን ያወልቃሉ። ይሁንና በይፋት ቆላም ቢሆን በዚህ ወቅት ማለዳው ቀዝቀዝ ይላል፤ ደጋ ሆነ ቆላ፣ በብርዱ ወራት ሻይ በቅመም የሚጠላ ቤት ጥቂት ነው።

ቅመም ራሱ የመንገድ ልጅ ነው። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ወደ ዘይላ ወደብ በሚወስደው የንግድ መስመር ይታወቅ ነበር። ዛሬም አንድ በራድ ሻይ ውስጥ ሩቁና ቅርቡ ይገናኛሉ፤ ቅርንፉዱና ቀረፋው ባሕር ተሻግረው፣ ዝንጅብሉ ከወላይታና ከከምባታ አካባቢ፣ የሻይ ቅጠሉ ደግሞ ከውሽውሽ ወይም ከጉመሮ ይመጣሉ።

ብዙዎቻችን ቅመሙን፣ ቅጠሉንና ስኳሩን በአንድ ጊዜ ጨምረን እናንተከትካለን። ቅመም መዓዛውን ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋል። ቅጠሉ ግን ብዙ ሲፈላ ይመራል፤ ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር እንጨምራለን። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ተራ ማስያዝ።

የሚያስፈልግዎት (ለ5 ሰው)

• 1 ሊትር ውኃ
• ጣት የምታክል ቀረፋ
• 4 ፍሬ ቅርንፉድ
• 3 ፍሬ ሄል፣ ሰንጠቅ ሰንጠቅ የተደረገ
• አውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል፣ ታጥቦ የተከተፈ
• 2 የሻይ ማንኪያ የሻይ ቅጠል

አሠራሩ

ቅመሞቹን ከነውኃው ይጣዱ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሰው፣ ከድነው ለ10 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ እሳቱን ያጥፉ፤ ቅጠሉን ይጨምሩና በድጋሚ ከድነው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይጠብቁ። አጥልለው ይቅዱ። ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ይስማማዋል።

የልጆቹ ድርሻ ቀድሞ ይወጣል

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው የአይረን ማዕድን በሚገባ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ይህ ደግሞ ለሚያድጉ ልጆችና ለነፍሰ ጡር እናቶች ቀላል ነገር አይደለም፤ የአይረን እጥረት ለደም ማነስ ይዳርጋልና። ልጅዎ ቁርሱን በሻይ እያወራረደ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ ቆም ብለው ያስቡበት።

ስለዚህ ቅጠሉ ከመግባቱ በፊት የልጆቹን ከበራዱ ይቅዱላቸው። ያው መዓዛ፣ ያው ሙቀት፤ ሻይ ቅጠል ግን የለበትም። ለብ ብሎ ይስጧቸው። በማር ማጣፈጥ ይቻላል፤ ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። አዋቂዎችም ሻዩን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡት ይመረጣል።

ስኳሩን ይቁጠሩት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የተጨማሪ ስኳር መጠን በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከ6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ባይበልጥ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። በሁለት ማንኪያ ስኳር ሦስት ብርጭቆ ሻይ የጠጣ ሰው የቀኑን ኮታ ጨርሷል፤ ያውም ጣፋጭ ዳቦና ለስላሳ ሳይቆጠር። ስኳሩን በራዱ ውስጥ አይጨምሩ፤ እያንዳንዱ በብርጭቆው ይለካ። ቀረፋው በደንብ የወጣለት ሻይ ብዙ ስኳር እንደማይፈልግ ራስዎ ያዩታል።

ሲገዙ

ሥራዬ ገበያ ነውና አንድ ምክር ልጨምር፦ የተፈጨውን ትተው ያልተፈጨውን ይግዙ። ቅርንፉዱን ከነራሱ፣ ቀረፋውን ከነቅርፊቱ ሲገዙ ምን እንደገዙ በዓይንዎ ያያሉ፤ መዓዛውም ቶሎ አይተንም። ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ለአንድ በራድ የሚበቃው ጥቂት ፍሬ ስለሆነ ትንሽ ገዝተው ብዙ ይጠቀማሉ።

ዛሬ ማታ ይሞክሩት፤ በመጀመሪያ የልጆቹን ይቅዱ።