ገላጋዮቹ የትኞቹ ናቸው?

መካነ ሰላም ውስጥ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ሲዲፎሬ ስንት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ያውቅበታል። ሲዲፎር በአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ያለ ምልክት ነው፤ ቁጥሩም ምልክቱን የያዙት ሕዋሳት ብዛት ነው። በዚያ ቁጥር ውስጥ ግን ሁለት ወገን አለ፦ በሽታን ለመውጋት የሚያዘምቱ፣ ጠቡ ሲከርር ደግሞ «ይብቃ» የሚሉ ገላጋዮች። የከተማዋ ስም ለኋለኞቹ ይመቻል።

ገላጋዮቹ ጥቂት ናቸው። በጤነኛ ሰው ከ100 ሲዲፎር ሕዋሳት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ቁጥሩ 800 ከሆነ ከ40 እስከ 80 መሆናቸው ነው። እነሱ ከጠፉ ሰውነት ራሱን ይወጋል።

እንዴት ይለያሉ? በማይክሮስኮፕ ቢያዩአቸው መልካቸው ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ቀለም የተሸከመ አንቲቦዲ ደሙ ላይ ይጨመራል፤ አንቲቦዲ የራሱን ምልክት ብቻ ፈልጎ የሚጣበቅ ፕሮቲን ነው። ከዚያ ሕዋሳቱ ከበረት እንደሚወጡ በጎች አንድ በአንድ በሌዘር ብርሃን ፊት ያልፋሉ፤ ማሽኑም ቀለማቸውን እያነበበ ይቆጥራል።

የመጀመሪያውን ምልክት፣ ሲዲ25ን፣ ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 አሳየ። ችግሩ፣ ለውጊያ የተነሳሳ ሕዋስም ሲዲ25 ያወጣል። ስለዚህ ሲዲ127 አብሮ ይታያል፤ ይኼኛው ገላጋዮቹ ላይ እጅግ አነስተኛ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ፎክስፒ3 ነው፤ ሕዋሱን ገላጋይ የሚያደርገው ፕሮቲን። ጂኑን ሜሪ ብሩንኮና ፍሬድ ራምስደል እ.ኤ.አ. በ2001 አገኙት፤ ከሳካጉቺ ጋርም የ2025ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ነገር ግን ፎክስፒ3 የሚገኘው በሕዋሱ እምብርት ውስጥ ነው። እሱን ለማየት ሕዋሱን በኬሚካል ባለበት አጽንቶ መብሳት ግድ ይላል። ማንነቱ ሲረጋገጥ ሕዋሱ ሞቷል ማለት ነው። በሕይወት የሚፈልጋቸው ተመራማሪ በሲዲ25ና በሲዲ127 ይብቃቃል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው? አይደሉም። አንዳንዶቹ ታይመስ ከሚባለው፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ካለው እጢ ገላጋይ ሆነው ይወጣሉ። ሌሎቹ ኋላ እንደ አንጀት ባለ ቦታ ይሠለጥናሉ። ሁለቱን ሄሊዮስ በሚባል ምልክት ለመለየት ይሞከራል፤ ብዙም የሚያስተማምን አይደለም። ቲአር1 የሚባሉት ደግሞ ፎክስፒ3 ሳይኖራቸው፣ አይኤል10 የተባለ ማብረጃ እየረጩ ይገላግላሉ።

መድኃኒቱን የሚወስዱ ከሆነ የገላጋዮቹን ምርመራ ይጠይቁ? አያስፈልግም፤ በአብዛኛው የምርምር ሥራ ነው። አንቲቦዲዎቹ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፣ ከፍሪጅ አይለዩም፤ ደሙም ሳይቆይ መሠራት አለበት። ሐኪምዎ የሚፈልገው ሲዲፎርንና የቫይረሱን መጠን ነው፤ የእነዚያን ቀጠሮ አያሳልፉ።