የኢንሱሊን ዋጋ፣ ከብልቃጡ ውጪ

ስኳርን የጮማና የድሎት በሽታ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ከጎንደር የወጣው መረጃ ግን ሌላ ይናገራል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ‹ዲያቤቶሎጂያ› በተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ብዙዎቹ ወጣት፣ ከሲታና ከእጅ ወደ አፍ የሚኖሩ ገበሬዎች ሆነው ተገኙ፤ ወንዶቹም ያመዝናሉ። በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን «አምስተኛው ዓይነት ስኳር» ብሎ የተቀበለው ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ ነው።

ከደቡብ ጎንደር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት የሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ የሚጎድላቸው ቤቶች የሚደገፉባቸው፣ ወረዳዎች ናቸው። እንግዲህ በደቡብ ጎንደር የስኳር ሕክምና ሂሳብ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው፤ ለመክፈል አቅም ከሌለው ቤት።

መጀመሪያ መድኃኒቱን እንየው። አንዲት የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ 1,000 ዩኒት ትይዛለች። በቀን 30 ዩኒት ለሚወጋ ሰው ወር ያህል ትበቃዋለች። ግኝቱ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ቶሮንቶ ላይ በ1 ዶላር የተሸጠ ቢሆንም፣ ዛሬ የዓለምን ገበያ በአመዛኙ የያዙት ኖቮ ኖርዲስክ፣ ኢላይ ሊሊና ሳኖፊ ናቸው። ኖቮ ኖርዲስክ ለድሃ አገሮች የሂዩማን ኢንሱሊን ብልቃጥ ከ3 ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ አስቀምጧል። 3 ዶላር ምንድን ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከመለቀቁ በፊት፣ በ57 ብር ሂሳብ፣ 171 ብር ነበር። በ150 ብር ሲመነዘር 450 ብር ነው። ፋብሪካው አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ኢንሱሊን ከውጭ የሚገባለት ታማሚ ግን ጭማሪው ያገኘዋል። መንግሥት በጊዜው ከነዳጅና ከማዳበሪያ ጋር መድኃኒትንም እደጉማለሁ ያለው ለዚህ ነው።

ይሁንና ገበሬውን የሚያደኸየው ብልቃጡ ብቻ አይደለም። ከአርብ ገበያ አካባቢ ተነስቶ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለክትትል የሚመጣ ሰው የመኪና ይከፍላል፣ አስታማሚ ይዞ ይመጣል፣ ሲመሽበት አልጋ ይይዛል፣ በዘር ወቅት ደግሞ በሬዎቹ ሥራ ፈተው ይውላሉ። ደርሶ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ከተባለ ያ ሁሉ ወጪ እንዳለ ሆኖ የግል ፋርማሲ ዋጋ ይጨመርበታል። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ደግሞ ዋጋ የሚባል ነገር ራሱ ትርጉም ያጣል። ኢንሱሊን እንደ ማዳበሪያ ለከርሞ የሚተላለፍ ግዢ አይደለም፤ ጨርሶ ኢንሱሊን ለማያመነጭ ሰው ጥቂት ቀን መቋረጡ ሞት ነው።

የጤና መድኑ ለዚህ አልነበረም? ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ያለው ፎገራ ነው። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ጤነኛው ለታማሚው ይከፍላል፣ ነገ በተራው ይካሳል። ችግሩ መዋጮው በፈቃድ በሚታደስበት ቦታ የስኳር ታማሚ ያለበት ቤት አንድም ዓመት አይዘልም፣ ያልታመመው ግን «ዘንድሮ ይቅር» ማለቱ ነው። ቋቱ በታማሚ ብቻ ሲሞላ ለሆስፒታሉ የሚከፈለው ይዘገያል፤ ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛበት ያጣል፤ መደርደሪያው ሲራቆት ጤነኛው «የት አለ ታዲያ?» ብሎ ጭራሽ ይወጣል። በእኔ ግምት የመድኑ ጠላት ከመዋጮው መጠን ይልቅ ያ ባዶ መደርደሪያ ነው።

ከዚህ ሁሉ ርካሹና ትርፋማው ወጪ ነርስ ነው። ጎንደርና ጅማ ይህን ቀድመው አሳይተዋል፤ ኤልድሪድ ፓሪ ከመሠረቱት የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በመተባበር የገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን አሠልጥነው፣ የስኳርና የሚጥል በሽታን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ሰፈር አወረዱት።

ነርሷ የምትሠራውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ደመናማውን ኢንሱሊን ሳትንጥ በመዳፎቿ መሃል ታንከባልላለች። ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን የሚቀላቀል ከሆነ ጥርት ያለው በመርፌው ቀድሞ፣ ደመናማው ተከትሎ ይሳባል። ታማሚው ማንበብ ባይችል እንኳ ስንተኛው መስመር ላይ ማቆም እንዳለበት በጣቱ እያስነካች ታስቆጥረዋለች፤ ሆድ ላይ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ፈንጠር ብሎ። ጫማውን አስወልቃ በእግሩ ጣቶች መካከል ትመለከታለች። ለአራሽ እግሩን ማጣት እርሻውን ለእኩል አራሽ መስጠት ነው፤ ቁስል አስቀድሞ ማየት ግን ከደቂቃዎች በላይ አይወስድም።

«ፍሪጅ ስለሌላቸው ለገጠር አይሆንም» የሚለው ክርክርም ደክሟል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደያዘ ቆይቷል። ደብረ ታቦር ደግሞ ደጋ ነው፤ ከምድጃ የራቀ እርጥብ እንስራ ይበቃል። ጉና ግርጌ እንዲያውም መፍራት ያለብን ውርጩን ነው፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን አይመለስም።

ጾምም የሂሳቡ አካል ነው። በሁዳዴ ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ስኳሩ ወርዶ፣ አልቦትና ተንቀጥቅጦ ይወድቃል፤ ሲብስም ሕይወቱን ያጣል። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ፈቃድ አላት፤ ታማሚው ግን ነርሷን ሰምቶ ብቻ አይፈታም። ብልህ ነርስ የነፍስ አባቱን ታስጠራለች። ይህንን በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚያስገቡት የፋይናንስ ሰዎች ይንገሩን።

ሌላውን የዚህ ደጋ የዕጢ ሕመም፣ እንቅርትን፣ ብናነሳም ነገሩ ያው ነው። መከላከያው የሳንቲም ጉዳይ የሆነ አዮዲን ነው፤ በጨው ውስጥ እንዲኖር ደንብ ቁጥር 204/2003 ያዛል። ነገር ግን ጨው ተከፍቶ ሲሰነብት፣ ወጥ ውስጥም ገና ከጅምሩ ሲገባ አዮዲኑ ይቀንሳል። «ጨውን ክደኚ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪ» የሚል ሰው ካልተገኘ ደንቡ ወረቀት ነው።

የቀረው የመለኪያው ጉዳይ ነው። የስኳር መለኪያ ማሽን በእርዳታም ይገኛል፤ ትርፉ ያለው ስትሪፑ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ማሽን ደግሞ የራሱን ስትሪፕ እንጂ የሌላውን አይቀበልም። አምስት ዓይነት ማሽን በአምስት ጤና ጣቢያ ከተበተነ፣ አንዱ ጋ ያለቀውን ከሌላው መዋስ አይቻልም፤ ነርሷም ያለ ልኬት መጠን ለመወሰን ትገደዳለች። ዞኑ አንድ ዓይነት ማሽን መርጦ የሁሉንም ወረዳ ስትሪፕ በአንድ ጨረታ ቢገዛ በዋጋ ለመደራደር አቅም ያገኛል፤ ነፋስ መውጫ የተረፈውም ወረታ ላይ ይሠራል። ለዚህ አዲስ አዋጅም ሆነ የውጭ ብድር አያስፈልግም፤ የወረዳዎቹ የጤና ጽሕፈት ቤቶች ከበጀት ዓመቱ በፊት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይበቃቸዋል።