ድመቷ ቀድማ የገባችበት ቤት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ እናት ባለፈው ሰሞን ደረጃ ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ አንተ ስለ እንስሳት ትጽፋለህ አሉ። ይሄ ልጅ ውሻ ግዢልኝ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። እኔ ደግሞ ድመቴን በውሻ አላስበላም። ከድመት ጋር የሚስማማው የትኛው ዘር ነው?» ልጁ ከኋላቸው ብቅ ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ የወጡ ቡችሎች ናቸው፤ «ንጹሕ ጀርመን»፣ «ኦሪጅናል ሮትዋይለር»፣ «ቺዋዋ፣ የማያድግ»። ድመቷ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ሦስታችንንም ትታዘባለች።

«ላስብበትና እነግርዎታለሁ» ብዬ ወጣሁ። ያሰብኩት ይኸው።

መጀመሪያ ስለዚያ «ንጹሕ» ስለሚሉት ነገር። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዝርያ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 የበግ እረኛ ውሾችን መርጦ፣ ማኅበር አቋቁሞና የዘር መዝገብ ከፍቶ ያስጀመረው ነው። ከዓድዋ ጦርነት በሦስት ዓመት ያንሳል ማለት ነው። ዛሬ ስማቸውን የምንጠራቸው አብዛኞቹ የፈረንጅ ዝርያዎችም ቅርጻቸውን የያዙት ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ነው። ንጽሕና የሚባለው የዚያ መዝገብ ልጅ ነው፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ተጽፎ የሚገኝበት። እኛ ዘንድ ቡችላ የሚሸጠው መንገድ ዳር በካርቶን፣ አለዚያም በስልክ ፎቶ ነው። እናቱን ያየ የለም፤ የአባቱ ነገርማ አይነሳ። ጆሮው የቆመና ጀርባው የጠቆረ ሁሉ «ጀርመን» ነው። አብዛኛው ሲያድግ ክልስ ሆኖ ይገኛል። ክልስነቱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ዋጋው ላይ ነው።

ዝርያው እውነተኛ ቢሆንስ ምን ያህል ይነግረናል? እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች የ18 ሺህ ውሾችን ባለቤቶች ስለ ውሾቻቸው ጠባይ ጠየቁ፤ ከእነዚያም ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ውሾች ዲኤንኤ መረመሩ። በውሻና በውሻ መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ይሄ ዘር የዋህ ነው፣ ያ ዘር ክፉ ነው» የሚለው የሰፈር ወሬ እዚያ ላይ ክፉኛ ተጎድቷል።

ነገር ግን ለድመት ባለቤት ጉዳዩ በዚህ አይዘጋም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት የ101 ዝርያዎችን ጠባይ ከዘር መረጃቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ ዝርያን ከዝርያ አጥብቀው ከሚለዩት ጥቂት ጠባዮች መካከል አንዱ ማሳደድ ሆኖ አግኝቶታል። የሚሮጥ ነገር ሲያዩ ተነሥቶ መከተል። ድመት ደግሞ ስትፈራ የምታደርገው ምንድን ነው? ትሮጣለች።

ውሻ ከተኩላ የወረሰው የአደን ሰንሰለት አለው፤ ያያል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል፣ ይበላል። ሰው ዝርያዎችን ሲያወጣ የሠራው የዚህን ሰንሰለት አንዱን ቀለበት እንደየፍላጎቱ ማጥበቅ፣ ሌላውን ማላላት ነው። በግ ነጂው ቦርደር ኮሊ ትኩር ብሎ ያያል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፤ ንክሻው ላይ ግን ይቆማል። ቴሪየር የሚባሉት ትንንሾቹ አይጥና ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያወጡ የተመረጡ ስለሆኑ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ግሬይሀውንድ ዓይኑ የሮጠ ነገር ላይ ካረፈ ጆሮው አይሰማም። ሪትሪቨር አዳኝ የመታውን ወፍ ሳያደቅቅ በአፉ ይዞ የሚመጣ ነው። ከመንጋ ጋር አድገው በግ የሚጠብቁት ትላልቅ ውሾች ዘንድ ደግሞ ሰንሰለቱ ራሱ ደክሟል፤ ባይደክም በጎቹን ይጨርሷቸው ነበር።

ስለዚህ ስለ ዘር ከተጠየቀ ለድመት ቤት ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ የቡችላው አያቶች ምን ሠርተው ይበሉ ነበር? የጀርመን ሼፐርድ አያቶች እረኞች ነበሩ። ብልህ ነው፣ ይታዘዛል፣ የሚሮጥ ነገር ግን ይከተላል። ሮትዋይለር ከብት ነጂ ነበር፤ እሱን የምፈራው በክፋቱ ሳይሆን በክብደቱ ነው፤ ሊጫወት ብሎ በመዳፉ ቢነካት አራት ኪሎ የማትሞላ ድመት ትሰበራለች። ትንሽ ውሻ ሁሉ ግን ለድመት ደኅና ነው ማለትም አይደለም። ትንሽ ቴሪየር ከትልቅ ሪትሪቨር ይከፋል። ቺዋዋው ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእሱ ዓይን የሚያሰጋው የድመቷ ጥፍር ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከዘር የሚበልጠውን ልንገራችሁ።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንላለን። ይህን አባባል ሳያውቀው የፈተነ ሰው አለ። ዚንግ ያንግ ኩዎ የተባለ ቻይናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ሥራ የድመት ግልገሎችን በሦስት ቦታ ከፍሎ አሳደገ። አይጥ ከምትገድል እናት ጋር ካደጉት 21 ግልገሎች 18ቱ አይጥ ገዳይ ሆኑ። ለብቻቸው ካደጉት 20 ውስጥ 9ኙ ገደሉ። ከአይጥ ጋር በአንድ ጎጆ ካደጉት 18 ውስጥ ግን የገደሉት 3 ብቻ ነበሩ፤ እነሱም አብረዋቸው ያደጉትን ዓይነት አይጥ አልነኩም። ዓመል የሚባለው እንግዲህ ግማሹ የልጅነት ጎረቤት ነው። (እርግጥ እዚህ ልደታ ዙሪያ፣ አብነት ወይም ጌጃ ሰፈር፣ ከአይጥ ጋር የታረቀች ድመት ማን ይፈልጋል?)

ውሻው ላይም ተሞክሯል። ማይክል ፎክስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ነው። የመረጣቸው ቡችሎች ቺዋዋዎች ነበሩ፣ የጃንሆይ ውሻ የሉሉ ዘመዶች። ገና በአራተኛው ሳምንታቸው እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ከድመት ግልገሎች መካከል አስገብቶ እስከ 16ኛው ሳምንት አቆያቸው። ሲወጡ ከሌሎች ቡችሎች ይልቅ የድመቶችን ጉርብትና መረጡ። መስታወት ፊት ሲቆሙ ከውሻ ጋር ያደጉት ቡችሎች በመልካቸው ሲደናገጡና ሲጮኹ፣ እነዚህ ዘወር ብለውም አላዩት። መስታወቱ ውስጥ ያለው የእነሱ ወገን አልነበረማ! ከውሾች ጋር ሁለት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ግን እነሱም መልካቸውን ያስተውሉ ጀመር።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ዕድሜ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር ለዓመታት ቡችሎችን ሲያጠኑ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ያየውን ሁሉ የዓለሙ አካል አድርጎ ይቀበላል። ሰው፣ ሕፃን፣ ዶሮ፣ የባቡሩ ድምፅ፣ ድመት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አዲስ ነገር መጀመሪያ ጥርጣሬ ነው የሚያጋጥመው። የድመት ይህ ዕድሜ ከዚያም ያጥራል፤ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ገደማ ነው።

አሁን ወደ ልደታ እንመለስ። ሳይፈርሱ ከቀሩት የቀበሌ ግቢዎች አንዱን አስቡ። አራት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ በቆርቆሮው ላይ የሚመላለሱ ሁለት ድመቶች፣ ጥግ ላይ የወለደች የሐበሻ ውሻ። ቡችሎቹ ዓይናቸው በሁለተኛው ሳምንት ይከፈታል፣ በሦስተኛው መንገዳገድ ይጀምራሉ፣ በአምስተኛው ወደ ድመቷ ሳህን ሄደው አፍንጫቸው ላይ ጥፊ ይቀምሳሉ። ያ ጥፊ ከየትኛውም አሠልጣኝ ትምህርት ይበልጣል። በስምንተኛው ሳምንት ከዚያ ግቢ የሚወጣ ቡችላ ድመት ማለት የምትከበር ጎረቤት መሆኗን አውቆ ነው የሚወጣው። በሌላ በኩል ያ የካርቶኑ «ንጹሕ ጀርመን» በአራተኛ ሳምንቱ ከእናቱ ጡት ተነጥቆ፣ ከወንድሞቹ ጋር እየተጫወተ ንክሻውን ማለዘብ ሳይማር ነው የሚሸጠው። ፍርዴን ልንገራችሁ፤ ለድመት ቤት እኔ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ፣ በነጻም ይሰጡኛል።

የሐበሻ ውሻ ሁሉ ለድመት ይሆናል እያልኩ አይደለም። ሌሊት በቡድን የሚዞሩት ድመት ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ጠዋት መንገድ ላይ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ቡችላውን ከማንሣታችሁ በፊት እናቱን እዩ። ድመት በአጠገቧ ስታልፍ ተኝታ ከቀረች ጥሩ ነው፤ ከተነሣችና ከተወጠረች ሌላ ግቢ ሂዱ። ከቡችሎቹም መካከል ሲጠሩት ዓይኑን ከሚሮጥ ነገር ላይ አንሥቶ ወደ ሰው የሚመለሰውን ምረጡ።

እስካሁን የድመቷን ወገን አልሰማንም፤ ድምፅዋ ግን ይበልጣል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ውሻና ድመት አብረው የሚኖሩባቸውን ቤቶች ሲያዩ፣ ስምምነቱ የሚሻለው ድመቷ ቀድማ ከገባችና ሁለቱም በልጅነት ከተገናኙ ነው። ድመቷ ከስድስት ወር በታች፣ ውሻው ከአንድ ዓመት በታች ሲሆኑ። የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ አሥር ዓመት ቆይቶ ከ700 በላይ ባለቤቶችን ሲጠይቅ ደግሞ፣ የቤቱን ሰላም የሚወስነው ከውሻው ይልቅ የድመቷ ምቾት መሆኑን አገኘ። መጀመሪያ የምታስፈራራውም አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት።

ቋንቋቸውም የተገለባበጠ ነው። ውሻ ጭራውን ሲያወዛውዝ ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ድመት ጭራዋን ስታወናጭፍ ተቆጥታለች። ውሻ በጀርባው ሲተኛ ተሸንፌያለሁ ይላል፤ ድመት በጀርባዋ ስትሆን አራቱም ጥፍሯ ዝግጁ ነው። የቴል አቪቮቹን ያስገረማቸው፣ በልጅነታቸው የተገናኙት ይህን የጎረቤት ቋንቋ መተርጎም መቻላቸው ነው። ውሾቹ እንደ ድመት አፍንጫ ለአፍንጫ ነክተው ሰላምታ መስጠት ሁሉ ለምደው ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ድመቴ ከጠፋችብኝ በኋላ ነው። ውጭ አገር የሚሄድ ወዳጄ ሁለት ዓመት የሞላው ውሻ ሰጠኝ፤ ደስ ብሎኝ በዚያው ቀን በሩን ከፍቼ አስገባሁት። ድመቴ በበረንዳው ወጥታ አሥራ አንድ ቀን አልተመለሰችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔው ነበርኩ።

ቆጥ ካነሣን፣ የድሮው የጭቃ ቤት ቆጥ ለድመት ተስማሚ ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ ግን ይህን አልወረሰም። ስለዚህ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ድመቷ ወጥታ የምትቀመጥበት፣ እሱ የማይደርስበት ከፍታ አዘጋጁላት። ቁምሳጥን ላይ የተነጠፈ ጨርቅ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በተዘጋ በር ይሸታተቱ፤ እሷ የተኛችበትን ጨርቅ እሱ ጋ፣ የእሱን እሷ ጋ አኑሩ። ከዚያ ቡችላው በገመድ ሆኖ ይተያዩ። እሷ መሄድ ስትፈልግ ትሂድ፤ ይዞ ማስተቃቀፍ የለም። መሮጥ ከጀመረችና ገመዱ ከሌለ ግን የማሳደድን ጣዕም አስተማራችሁት ማለት ነው፤ ያንን ማስረሳት ከባድ ነው።

ጠብ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ሳህን ላይ ነውና ምግባቸውን ለዩ፤ የእሷ ከፍታው ላይ ይሁን። በእኛ ቤት ሁለቱም ትርፍራፊ ነው የሚጣልላቸው። ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ግን ለሁለቱም መርዝ ነው፤ የደም ሴላቸውን ያፈርሳል፣ ድመት ላይ ደግሞ ይብሳል። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። ውሻ በእንጀራና በጥቂት ሥጋ ሊገፋ ይችላል፤ እሷ አትችልም። ዐቢይ ጾም ሲገባና ቤቱ 55 ቀን ሽሮ ብቻ ሲሸት ድመቷ ለምን ጎረቤት እንደምትከርም አሁን ገባችሁ።

ለታችኛው ፎቅ እናት ይህን ሁሉ አልደረደርኩላቸውም። «ስልኩን ይዝጋው። ጌጃ ሰፈር ድመት ያለበት ግቢ የተወለደ፣ ሁለት ወር የሞላው ቡችላ እንፈልግለት» አልኳቸው። ልጁ ቅር አለው፤ «ጀርመን አይደለም?» አለኝ። ድመቷ ገና ዓመቷ ነው፣ ይለምዳሉ ብዬ አስባለሁ።

እናንተም ቡችላ የምታመጡ ከሆነ ሦስት ወር ሲሞላው ለእብድ ውሻ በሽታ አስከትቡት። ስትሄዱ ድመቷንም በቅርጫት ይዛችኋት ሂዱ፤ ይህ በሽታ ድመትንም ይይዛል፣ ከእሷም ወደ ሰው ይተላለፋል።