የአንድ ወረቀት ውፍረት ስሕተት
(ዩፒተር 3 ሌንስ በላይካ ካሜራ ላይ)

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት አሮጊት እናትን በ1 ሜትር ርቀት አስቀምጠን፥ ላይካ ካሜራ ላይ በተገጠመ ዩፒተር 3 ሌንስ ፎቶግራፍ አነሣናቸው። በካሜራው ርቀት መለኪያ ዓይናቸው ላይ አነጣጠርን፤ በመስኮቱ የሚታዩት ሁለት ምስሎችም በትክክል ገጠሙ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ግን በጆሮ ግንዳቸው በኩል ያለው ጠጉር አንድ ባንድ ሲቈጠር ዓይናቸው ደብዝዞ ተገኘ። ከመካከላችን አንዱ ሌንሱ አርጅቷል አለ፤ ሌላው የአንሺውን እጅ ወቀሰ። ነገሩን ስንመረምረው ግን ሌንሱም ካሜራውም ጤነኞች ነበሩ፤ ያልተስማሙት በልክ ነው።

ዩፒተር 3 በሶቪየት ኅብረት ይሠራ እንጂ ትውልዱ ጀርመናዊ ነው። ሉድቪግ በርቴለ የነደፈው የዞናር ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከኮንታክስ ካሜራ ጋራ ወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንድፉና መሣሪያው እንደ ጦር ካሣ ተወስዶ በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ዩፒተር ተብሎ ይሠራ ጀመር። ፌድና ዞርኪ የተባሉት የሶቪየት ካሜራዎች ላይካን አስመስለው የተሠሩ ስለ ነበሩ ሌንሱም 39 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የላይካ ጥርስ ወጣለት። የኮንታክስ ልጅ የላይካን ልብስ ለበሰ ማለት ነው።

ልብሱ ቢስማማም አካሉ ይለያል። በሁለቱም ሌንሶች ላይ የሚጻፈው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ላይካ ርቀት መለኪያውን የቀመረው 51.6 ሚሊ ሜትር ለሆነ የትኩረት ርዝመት ሲሆን፥ ዩፒተር ከኮንታክስ የወረሰው 52.4 ነው። ካሜራው የነገሩን ርቀት የሚያውቀው በውስጡ ያለች ትንሽ ክንድ የሌንሱን ጀርባ እየተከተለች ሌንሱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደ ወጣ ስትነግረው ነው። በ1 ሜትር ያለውን ነገር ለማጥራት የላይካው ልክ 2.81 ሚሊ ሜትር መውጣት ይበቃዋል፤ ዩፒተር ግን 2.90 መውጣት አለበት። ልዩነቱ 0.09 ሚሊ ሜትር፥ ማለት የአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያህል ነው።

ይህች ወረቀት የምታመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። ካሜራው 1 ሜትር ሲል ሌንሱ የሚያጠራው 1 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለውን ነው። የብርሃን መግቢያው እስከ 1.5 ተከፍቶ ሳለ፥ በፊልም ላይ እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር የሰፋ ነጥብ እንደ ጥሩ ይቈጠር በሚለው የቆየ ልማድ ብናሰላው፥ የጥራቱ ወሰን ወደ ፊትም ወደ ኋላም 1.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዓይን ከወሰኑ ውጭ ቀረ። በ2 ሜትር ስሕተቱ 6 ሳንቲ ሜትር ግድም ቢደርስም ወሰኑ 6.5 ስለሚሆን ለጥቂት ይሸፈናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስተውለውም። መግቢያውን በማጥበብም ይሸፈናል፤ ሆኖም የዞናር ዘር ሲጠብ የጥራቱን ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ የመግፋት ጠባይ ስላለው 4 ላይ ከመቆም 5.6 ድረስ መሄድ ይሻላል።

ሌንሱን ማስተካከልስ? ብርጭቆዎቹን የያዘው ክፍል ከሚዞረው አካል ጋራ በሚገናኝበት ቦታ ስስ የብረት ቀለበት አለ። ውፍረቱን በ0.09 ብንጨምርለት ቅርቡ ይቃናል፤ ነገር ግን ሌንሱ እስከ መጨረሻው ገብቶም ከ30 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለውን ተራራና ሰማይ በትክክል አያጠራም። ግማሹን፥ ማለት 0.045 ያህል መጨመር ግን የተመረጠ ሆኖ አገኘነው፤ በ1 ሜትር የሚቀረው ስሕተት 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፥ የሩቁም ነገር በዚያው ልማድ ወሰን ላይ ይቆማል። እርግጥ ዛሬ በዲጂታል ካሜራ ሥዕሉን አጉልቶ የሚመረምር ሰው ይህን ወሰን ለጋስ ነው ይለዋል። እርሱ ግን ሥዕሉን በራሱ በሌንሱ በኩል በሚያሳይ ካሜራ ከተጠቀመ ርቀት መለኪያውም ክንዱም ስለማያስፈልጉት ጠቡ ከነጭራሹ ይቀራል።

ቀለበት መጨመር በኋላ አውጥቶ መመለስ የሚቻል ነገር ነው። ከሌንሱ ጀርባ ብረት መሞረድ ግን መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ለማንም አንመክርም።

እኛ ሌንሱን አልከፈትነውም። የተዋስነው ነው፤ ባለቤቱም በዞርኪው ላይ ይጠቀምበታል፥ በዚያ ላይ ደግሞ ልክ ነው። እናቲቱን እንደ ገና ስናነሣቸው ርቀት መለኪያውን በአፍንጫቸው ጫፍ ላይ አነጣጠርን፤ አፍንጫ ከዓይን የሚቀድመው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና ዓይናቸው ጠርቶ ወጣ።