የልጁ ላፕቶፕ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ላፕቶፑ ተከፍቶ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ባትሪው መብራት በጠፋ ቅጽበት ይሞታል፣ ፋኑ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። የአሥራ አንደኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪው «ይሄ አርጅቷል፣ ሌላ ግዙልኝ» ይላል፤ ወላጅ ዋጋ ጠይቆ ይደነግጣል። ለመደንገጥ ደግሞ በቂ ምክንያት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላፕቶፕ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ ጭማሪው በቀጥታ ገዢው ላይ አርፏል። ስለዚህ «ይጠገን ወይስ ይቀየር?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ቤተሰብ የወራት ቁጠባ ጥያቄ ሆኗል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ማዘርቦርዱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ለተማሪ ላፕቶፕ ጥገና መቅደም አለበት። ምክንያቴን ላስረዳ።

በሰፊው የሚነገር አንድ መመዘኛ አለ፤ የጥገናው ወጪ የሌላ ላፕቶፕ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ ቀይር ይላል። ይህ ስሌት የሚያስኬደው የሚገዛው ዕቃ ከነካርቶኑና ከነዋስትናው በሚመጣበት ገበያ ነው። መርካቶም ሆነ መገናኛ ሄዶ ለተማሪ የሚሆን ላፕቶፕ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ነጋዴዎቹ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉት ነው። እነዚህ የውጭ አገር ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው ጥቂት ዓመት ከተጠቀሙባቸው በኋላ ያስወገዷቸው ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ናቸው። ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፣ በብዙ ቤትም በታማኝነት እያገለገሉ ነው። ይሁንና ባትሪያቸው ምን ያህል እንደተበላ፣ አንድ ቀን ቡና ፈሶባቸው እንደሆነ፣ ማዘርቦርዳቸው ተነካክቶ እንደሆነ ገዢው አያውቅም። ውጩ ተወልውሎ፣ ኪቦርዱ አዲስ ተለጣፊ ተደርጎለት ሊሆን ይችላል። ወላጁ እንግዲህ የሚመርጠው በሚያውቀው አሮጌና በማያውቀው አሮጌ መካከል ነው። ቤት ያለው ማሽን ታሪኩ ይታወቃል፤ መቼ እንደተገዛ፣ መቼ እንደወደቀ፣ ምን እንደተቀየረለት። ይህ ዕውቀት ራሱ ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ያረጀው የትኛው ክፍል ነው የሚለው ነው፤ የላፕቶፕ ክፍሎች እኩል አያረጁም። «ዘገየ» ከሚባሉት ላፕቶፖች ውስጥ ሃርድ ዲስክ ያላቸው ብዙዎቹ የሚዘገዩት በእሱ ምክንያት ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ በላፕቶፖች ላይ የተለመደው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። አንድ ፋይል በተፈለገ ቁጥር አንባቢው ክንድ ተንቀሳቅሶ ቦታውን እስኪያገኝ ይጠበቃል። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብ ያ ጥቃቅን ጥበቃ ተደማምሮ ደቂቃ ይሆናል። ሃርድ ዲስክን የሚተካው ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። መደበኛው የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ከ100 ብዙም አይርቅም። በትናንሽ ፋይሎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። የመዘግየቱ ምክንያት ዲስኩ መሆኑን ለማረጋገጥ ቴክኒሻን አያስፈልግም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ላፕቶፑ እየተጎተተ ሳለ «ዲስክ» የሚለው አምድ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ዝቅ ብሎ ከታየ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የዲስኩ ነው። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገጽ ሲከፍቱ ዊንዶውሱ ያልቆየ ከሆነ ዲስኩ ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ) ይሁን ኤስኤስዲ ራሱ ይነግርዎታል። ኤችዲዲ ካለ፣ እሱን በኤስኤስዲ መቀየር ከላፕቶፑ ዋጋ ጥቂቱን እጅ ወስዶ ማሽኑን ሌላ ያስመስለዋል።

ከዲስክ በኋላ የሚመጡት ራምና ባትሪ ናቸው። 4 ጊጋባይት ራም ለዛሬ ብሮውዘር ጠባብ ነው፤ 8 ለተማሪ ይበቃል። በመንግሥት የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚከታተል ልጅ ወደ አንድሮይድ ፕሮግራሚንግ ከገባ፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ ብቻውን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይጠይቀዋል። ባትሪ በባሕሪው አላቂ ነው። ብዙዎቹ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ አቅማቸው በግልጽ ይቀንሳል፤ መቀየሩም ከመኪና ዘይት ለውጥ የተለየ ጉዳይ አይደለም። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን የሚያብጥ ባትሪ ነው። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የላፕቶፑ ሆድ ከጎበጠ ቻርጅ ማድረግ ወዲያው ይቁም፤ ይህ የእሳት አደጋ ነው። ፋንና ሙቀት በአብዛኛው በአቧራ ጠረጋና በአዲስ ቴርማል ፔስት ይረግባሉ።

ለዚህ ሁሉ ክርክር ገደብ የሚያበጅለት ፕሮሰሰሩ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ለይቶ ማወቁ ቀላል ነው፤ አይ5-7200ዩ የሚለው 7ኛ ጀነሬሽን ነው፣ አይ5-8250ዩ የሚለው 8ኛ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው እርምጃ የቁጥር ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሁለት ኮር፣ ሁለተኛው አራት ኮር አለው። ልጁ የያዘው 8ኛ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ገንዘቡን ጥገና ላይ ማፍሰስ ያዋጣል። ከዚያ በታች ከሆነስ? ማሽኑ አይጣልም፤ ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ነፃ ሲስተም ተጭኖበት ለንባብ፣ ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት ያገለግላል። ብዙ ወጪ ግን ሊወጣበት አይገባም፤ አንድ ኤስኤስዲ ይበቃዋል።

«ጥገና ማለቂያ የለውም፤ ዛሬ ዲስክ፣ ነገ ባትሪ፣ ከነገ ወዲያ ስክሪን» የሚለው ተቃውሞ ከልምድ የመጣ ስለሆነ በቀላሉ አልፈው የሚሄዱት አይደለም። መልሱ የወጣው ገንዘብ የት እንደገባ በማየት ይገኛል። ዛሬ የተገዛ ኤስኤስዲ ነገ ላፕቶፑ ቢሞት ተነቅሎ ወደ ሌላው ይገባል፣ ወይም ኬዝ ተገዝቶለት ውጫዊ ማስቀመጫ ይሆናል። ራሙም ዓይነቱ ከገጠመ እንዲሁ። ማዘርቦርድ ላይ የፈሰሰ ገንዘብ ግን ከማሽኑ ጋር ይቀበራል። ውሃ ወይም ሻይ ፈሶበት ቦርዱ የተጎዳ፣ ቺፑ በሙቀት ተነቅሎ እንደገና የተበየደ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበላሻል። ማቆሚያው መስመር እዚያ ነው። ራሙም ማስቀመጫውም ቦርዱ ላይ የተበየደባቸው፣ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ የሚይዙ ትናንሽ የሴሌሮን ላፕቶፖችም የሚጨመርላቸው ነገር የለም፤ እነዚህ ሲደክሙ ይቀየሩ። አርክቴክቸር ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚማር ልጅም እንዲሁ፣ የሚጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች ከአሮጌ ማሽን አቅም በላይ ናቸው፤ አውቶካድም በሊኑክስ አይሠራም።

የልጁ ስሜትስ? ጓደኞቹ ፊት የተላላጠ ላፕቶፕ መክፈት ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወላጅ ይህን ማናናቅ የለበትም። ነገር ግን ብዙ ልጆችን የሚያማርራቸው የማሽኑ መጎተት ነው፤ በሰከንዶች የሚነሳ ላፕቶፕ የያዘ ልጅ ስለ ቀለሙ ብዙም አያወራም። ማሽኑ ሲከፈት ልጁ ከጠጋኙ አጠገብ ቆሞ ቢያይ ደግሞ ዲስኩ የቱ፣ ራሙ የቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ወደፊትም የሚያታልለው ይቀንሳል።

የቀረው የጠጋኝ ጉዳይ ነው። ላፕቶፑን ከመስጠትዎ በፊት የራሙን መጠን፣ የዲስኩን ዓይነትና የሲሪያል ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ዋጋው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይነገርዎ፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ይቀበሉ። ከሁሉ በፊት ግን የልጁ ማስታወሻና የቤተሰብ ፎቶ ፍላሽ ላይ ይገልበጥ። ዲስክ እየሞተ መሆኑን አስቀድሞ የሚናገርበት ጊዜ አጭር ነው፤ ፎርማት ከተደረገ በኋላ «ፋይሌን መልሱልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም።