ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ

ፒያሳ ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄ ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ ባለጉዳዮች ናቸው። አራዳ ምድብ ችሎት ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አላቸው፤ መልሳቸው ግን ገና በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። «እባክሽ እህቴ፣ ድረሽልኝ» ይሉኛል። አሥር ገጽ ሳላቋርጥ እመታለሁ። ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ እንጀራዬ ይኸው ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ ቀኝ እጄ ሌሊት እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሀል ጣቴ ይነዝሩኛል፤ ተነሥቼ ሳራግፈው ይለቀኛል። ያማከርኩት ሁሉ «ብርድ ነው» አለኝ። ቅባት ተቀባሁ፤ ወጌሻ ዘንድም ሄጄ ታሸሁ። አንድ ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ትንሿ ጣትሽስ?» ብላ ነው። እሷ ደህና ነበረች። ጣት የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ በእጅ አንጓ ውስጥ በአንድ ጠባብ ቦይ ያልፋሉ። ቦዩ ሲጣበብ የሚጎዳው ነርቩ ነው፤ ይህ ነርቭ ደግሞ ትንሿ ጣት ጋ አይደርስም። እርግዝናም፣ የስኳር በሽታም፣ የታይሮይድ ችግርም ያመጡታል፤ መተየብ ብቻውን ያመጣዋል ወይ በሚለው ላይ ሐኪሞችም አንድ አይደሉም። አንጓን ወደ ላይ ቀልብሶ መዋል ግን ቦዩን ያጨናንቀዋል። የተጨነቀ ነርቭ ደግሞ በማሸት አይፈታም።

ሱቄ ተመልሼ እጄን አስተዋልኩት። «ተከሳሽ» ብዬ መታሁ፤ አራት ፊደል፣ ሰባት ምት። «ጠበቃ» ለማለት ለ«ጠ» ሺፍት መያዝ አለብኝ፤ ትንሿ ጣቴ ወደ ጥግ ስትዘረጋ አንጓዬ አብሯት ወደ ውጭ ይጣመማል። አንድ የክስ ማመልከቻ ውስጥ «ጠበቃ» ስንት ጊዜ እንዳለ የጻፈ ያውቀዋል።

ፊደላችን ጸሐፊውን ማድከሙ በኮምፒውተር አልተጀመረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የተጋፈጡት ፈተና ከሁለት መቶ በላይ ፊደላትን በጥቂት ቁልፎች ማስተናገድ ነበር። መኪናው ቁልፉ ከባድ ቢሆንም በየመስመሩ መጨረሻ ክንድን አንሥቶ ሠረገላውን መመለስ፣ በየገጹ ወረቀትና ካርቦን መቀየር ነበረበት፤ እጅ ሳያውቀው ያርፋል። ኮምፒውተሩ ያቺን እረፍት ወሰደብን።

መጀመሪያ ያደረግኩት ገንዘብ አላስወጣኝም። ኪቦርዱን ገልብጬ ከኋላው ያሉትን ሁለት እግሮች አጠፍኩ፤ እነሱ ሲቆሙ አንጓ የባሰ ይቀለበሳል። ወንበሬ ላይ ትራስ ጨምሬ ክርኔን ከጠረጴዛው እኩል አደረግኩ፤ እግሬ ሲንጠለጠል የወረቀት ካርቶን ከሥሩ አኖርኩ። ማታ ማታ አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስሬ ለሳምንታት ተኛሁ። ድንዛዜው የቀነሰው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ዘመዴ ከውጭ ለሁለት የተከፈለ፣ መሀሉ ጉብ ያለ ኪቦርድ አመጣልኝ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1994 ካወጣው ወዲህ የታወቀ ዓይነት ነው። ግእዙን የሚያወጣው ፕሮግራሙ ስለሆነ የአማርኛ የሚባል ልዩ ኪቦርድ መፈለግ የለብንም። ሁለት ሳምንት ግን ፈተነኝ፦ «በ»ን ዕድሜዬን ሙሉ በቀኝ እጄ ስመታ ኖሬያለሁ፤ እዚህ ቁልፉ በግራው ክፍል ነው። «በ» የሌለበት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የት ይገኛል? አሁን ክንዴ እንደ ተዘረጋ ቀጥ ብሎ ይውላል፤ ወደ ድሮው አልመለስም። ወንበሩና ጠረጴዛው ሳይስተካከል ግን እሱን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው እላለሁ።

ጸሐፊ ቀጥራችሁ ለምታሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል፤ መደበኛ ሥራም በቀን ከ8 ሰዓት አይበልጥም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የምትመታው ወንበሩ ዝቅ ስላለ እንደሆነ እዩላት። በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ትነሣ። ሌሊት እጇ እንደሚደነዝዝ ከነገረቻችሁ «ብርድ ነው» አትበሏት፤ ብርጭቆው ከእጇ ሳይወድቅ ሐኪም ዘንድ ላኳት።